የኡና ሄፈርናን መኪና

«ሚስቴ ለዛሬ ያዘዘችው መኪና ይቅር» አለ ማላኪ ሄፈርናን በስልክ። ድምፁ እንደወትሮው ለስላሳና የማይቸኩል ነበር። «ደህና አይደለችም። ተኝታለች።» ኖሪን ቱሂ እሺ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከድምፁ ጀርባ፣ ምናልባትም ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ፣ አንዲት ሴት «ደህና ነኝ እኮ፣ ማላኪ» ስትል ሰማች። ጩኸት አልነበረም። ሻይ ይጨመርልሽ ወይ ተብላ «ይበቃኛል» እንደምትል ሴት ነው ያለችው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ኖሪን የስልኩን እጀታ አስቀመጠች። ቢሮ የሚሉት ክፍል እናትና አባቷ በሕይወት ሳሉ የእንግዳ መቀበያ ነበር፤ ቄሱ ሲመጡ ብቻ የሚከፈት፣ በኋላም ሁለቱ በየተራ ሲሞቱ አስከሬናቸው ለስንብት ያረፈበት ክፍል። አሁን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና የወንድሟ ሚስት ድምፕና «መብራቱን የሚበላብን እሱ ነው» የምትለው ትንሽ ማሞቂያ አለበት። ወንድሟ ፊንታን ሁለት ጥቋቁር መኪናዎች አሉት። ሥራው ከክሎንብራክና ከአካባቢዋ ሰው አንስቶ ደብሊን አየር ማረፊያ ማድረስ፣ ከዚያም መመለስ ነው። ሾፌሩ ከራባት ያስራል፣ በር ይከፍታል፣ ሻንጣ ይሸከማል፣ ካላነጋገሩት አይናገርም። ለአንድ ጉዞ ሁለት መቶ አርባ ዩሮ ነው። ውድ ነው የሚል ሰው ድሮ «እንግዲያው አውቶቡስ አለልህ» ይባል ነበር፤ አውቶቡሱ ከተማዋን መርገጥ ከተወ ግን ሦስት ዓመት ሆኖታል። ኡና ሄፈርናን ደግሞ መኪና የላትም። የነበረቻትን ትንሽ ቀይ መኪና ባሏ «ለሁለት ሰው ሁለት መኪና ምን ይሠራል» ብሎ ካቻምና ሸጦባታል።

ኡና ያዘዘችው በስልክ አልነበረም። ባለፈው ወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኖሪን የመዝሙር መጻሕፍቱን እየሰበሰበች ሳለ፣ የመሠዊያውን አበባ የምታሰናዳው ኡና የተቆረጠ አበባ በእጇ እንደያዘች መጣችና፣ «ደብሊን የሚያደርሰኝ መኪና እፈልጋለሁ። ለብቻዬ ነኝ። እቤት ምንም መልእክት እንዳይላክ» አለቻት። ሂሳቡንም እዚያው ከፈለች። ኖሪን ወዴት ነው ብላ አልጠየቀችም፤ በክሎንብራክ የሄፈርናኖችን ነገር ያልሰማ ሰው የለም። ማላኪ ሄፈርናን የከተማዋ ሥጋ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የሠራተኛውን ደመወዝ ሲቀንስ አንድ ልጁ ኮልም ከሠራተኞቹ ጋር በር ላይ ቆመ። አባት የልጁ ስም በማዕዱ ላይ እንዳይነሳ ከለከለ፤ ልጁም ካናዳ ገባ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አልተያዩም።

ፊንታን ወጥ ቤት ውስጥ ቁርሱን እየበላ ነበር። ነጭ ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ ፎጣ ደረቱ ላይ ወትፏል። ድምፕና ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች።

«ማላኪ ነው የደወለው» አለች ኖሪን። «የኡናን መኪና ሰረዘ።»

«ታመመች እንዴ?»

«ታማለች አለ። እሷ ደግሞ ከኋላው ደህና ነኝ ስትል ሰማኋት።»

ፊንታን የዳቦውን ጠርዝ በእንቁላሉ አስኳል አጠቀሰና አላምጦ እስኪጨርስ ቆየ። «በባልና ሚስት መሀል ገብቶ ያተረፈ ሰው አላየሁም። ይቅር ካለ ይቅር ነው።»

«ያዘዘችው እሷ ናት። የከፈለችውም እሷ ናት።»

«ገንዘቧን እንመልስላታለን።»

«በማን እጅ?»

ፊንታን ፎጣውን ከደረቱ አውጥቶ ቀስ ብሎ አጠፈው። «ኖሪን» አለ፣ «የዚህ ቤት ግማሽ እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶሽ አይደለም። የፋብሪካው እንግዶች ባይኖሩ ይሄኔ እኔ የትምህርት ቤት ሕፃናት ነበር የማመላልሰው። አንቺም እዚያ ክፍል ውስጥ ማሞቂያ አታበሪም ነበር።» ከዚያ ተነሳ፤ ከበሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ የሁለተኛዋን መኪና ቁልፍ አወረደና ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጠው። «ይቺ መኪና ዛሬ ከግቢ አትወጣም» ብሎ፣ ሊመሪክ ሆስፒታል የሚያደርሳቸውን አሮጊት ሊያነሳ ወጣ።

ኖሪን ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። አምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከወንድሟ ጋር ተጣልታ አታውቅም፤ ቤቱ የተናዘዘው ለእሱ ነው። ከድምፕና ጋር ደግሞ ለመጣላት የሚያበቃ ንግግር ኖሯቸው አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ የላይኛው መደርደሪያ የኖሪን፣ የታችኛው የድምፕና ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ሁለት ቅቤ፣ ሁለት ወተት፣ ሁለት ብርጭቆ ማርማላታ አለ። ቃል የሚለዋወጡት ስለ ዝናብ፣ ስለ ቆሻሻ መኪናና ዳቦ ሰባ ሳንቲም ስለ መጨመሩ ነው። አሁንም የሚሰማው የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር። ኖሪን ያቺን «ደህና ነኝ እኮ» ከጆሮዋ ልታወጣት አልቻለችም። የምትለምን ሴት ብትሆን ይሻል ነበር፤ ማንም እንደማይሰማት እያወቀች እውነቱን ለመናገር ያህል የተናገረች ሴት ድምፅ ነው አንጀቷ ውስጥ የገባው። ፊንታን ዳሌውን ቀዶ ጥገና በተደረገበት ዓመት የሾፌርነቱን ፈቃድ አውጥታ እስከ ፋሲካ የነዳችው እሷ ነበረች። መንገዱን ታውቀዋለች።

ድምፕና እጇን አደረቀች። እጇን ሰድዳ ከፍሪጁ አናት ቁልፉን አነሳች፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከኖሪን ሻይ አጠገብ አኖረችው። ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ካፖርት ደርቢ» አለች። «እዚያ ኮረብታ ላይ ነፋሱ ክፉ ነው።»

የሄፈርናኖች ቤት ከከተማዋ በላይ ነው፤ ከታች ፋብሪካው፣ ከላይ ቤቱ። ኖሪን አምስት ሰዓት ሲል ከደጁ ፊት ለፊት መኪናዋን አቆመች። ዝናቡ ስስ ነበር፣ ከጎን የሚመጣ። ደወል ሳትደውል በሩ ተከፈተና ማላኪ በሹራቡ ብቻ ወጣ። ሰባ ሊሞላው ነው፤ ረዥም፣ ፀጉሩ በወጉ የተበጠረ፣ ለገና በዓል ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በገዛ እጁ ሥጋ የሚያድል ሰው። ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ኖሪን፣ ምን ነካሽ? ጠዋት አልተነጋገርንም?»

«ተነጋግረናል፣ ሚስተር ሄፈርናን። ግን የተያዘው በኡና ስም ነው። እንዲቀር ከፈለገች ከእሷ አፍ ልስማው።»

«ተኝታለች አልኩሽ።»

«እስክትነሳ እጠብቃለሁ። መጠበቅ ሥራችን ነው።»

ትንሽ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ጥርሱ ላይ ቀረ። «ፊንታን እዚህ እንደመጣሽ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃትና መልሱን ሳይጠብቅ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ወደ ደጃፉ ተመለሰ። ወዲያው የኖሪን ስልክ መጮህ ጀመረ፤ የወንድሟ ስም ይታያል። ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ። እንደገና ጮኸ። ኖሪን ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ቤቱን ታያለች። የፎቁ መጋረጃ አልተነቃነቀም። እንዲህ ባለ ጊዜ ተራ ታክሲ ክላክሱን ይነፋል፤ እነሱ ዘንድ ግን ክላክስ ነውር ነው። ሾፌሩ ይወርዳል፣ የኋላውን በር ይከፍታል፣ አጠገቡ ይቆማል። ኖሪንም ወረደች። የኋላውን በር እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ አጠገቡ ቆመች። ዝናቡ በተከፈተው በር እየገባ የቆዳ ወንበሩን ያረጥበው ጀመር።

«ወንበርሽን እያበላሸሽ ነው» አለ ማላኪ ከደጃፉ።

«ይደርቃል።»

ምን ያህል እንደቆሙ ኖሪን አታውቅም። ካፖርቷ ትከሻዋ ላይ ከበደ። ከዚያ የቤቱ የጎን በር፣ የወጥ ቤቱ፣ ሲከፈት ተሰማና ኡና ብቅ አለች። ግራጫ ካፖርቷን ለብሳለች፤ እግሯ ላይ ግን የቤት ውስጥ ጫማ ነው ያለው። ሻንጣ የላትም፤ የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። በአቋራጭ ለመምጣት የአበባውን መደብ አቋርጣ፣ እርጥብ ሣሩን እየረገጠች መጣች። ማላኪ ግን ቀደማት፤ በእሷና በተከፈተው በር መካከል ቆመ።

«ኡና፣ ጫማ እንኳ አላደረግሽም» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ከታመመ ሰው ጋር እንደሚነጋገር ነው። «ግቢ። ሰው ፊት እንዲህ አትሁኚ።»

«ጫማዬ ሻንጣው ውስጥ ነው። ሻንጣውን መኪናህ ውስጥ ቆልፈህበታል።»

«ቆይተን እንነጋገርበታለን።»

«ሰባት ዓመት ቆየሁ እኮ፣ ማላኪ።»

አልተንቀሳቀሰም። ኡናም አልተንቀሳቀሰችም። ኖሪን የበሩን ጠርዝ ጨብጣ ቆማለች፤ ገፍትራ ታልፈው ይሆን፣ እሱስ ክንዷን ይይዛት ይሆን፣ ይህ ሁሉ ከሆነ እኔ ምን አደርጋለሁ እያለች ታስባለች። በዚህ መሀል ከበስተታች የሞተር ድምፅ ተሰማና አረንጓዴዋ የፖስታ መኪና በግቢው በር ገባች። ፖስተኛው ሚክ መስኮቱን አወረደ፤ ከመውረዱ በፊት ማውራት የሚጀምር ሰው ነው።

«እንዴት አደራችሁ? ምነው፣ ጉዞ ነው እንዴ ኡና?»

«ካናዳ ልሄድ ነው ሚክ» አለች ኡና።

«ካናዳ? ታድለሽ። እዚህ እንደሆነ እስከ ግንቦት የሚያባራ አይመስልም።»

ኖሪን የማላኪ ፊት ሲለወጥ አየች። ቀስ በቀስ አልነበረም፤ መብራት ማጥፊያ እንደተነካ ነው። ፈገግ አለ፣ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፣ የሚስቱን ክርን ደግፎ ወደ መኪናው አስገባት። «ተጠንቀቂ፣ ራስሽን እንዳትመቺ» አላት ሚክ እንዲሰማ። የሾፌሩን ሥራ ራሱ ሠራ፤ በሩን ዘጋላት፤ ለፖስተኛውም እጁን አወዛወዘ። ኖሪን በኮፈኑ ዞራ ስትገባ ብቻ፣ በሁለቱ መሀል በሚቀር ድምፅ፣ «ወንድምሽ ይህን መቼም አይረሳውም» አላት።

ትልቁ አውራ ጎዳና ላይ ወጡ። ኖሪን በስፖኪዮው ስታይ ኡና እርጥብ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባለች፤ የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት እንደ ትንሽ ልጅ ተኮራምታ። ማሞቂያውን ከፍ አደረገችላት።

«እየተከተለን ነው?» አለች ኡና።

«የለም። ከኋላችን የወተት መኪና ነው ያለው።»

«የአየር መንገዱ መልእክት ትናንት ማታ እቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቅ አለ። ኮልም ነው የላከው፤ ልጄ የዋህ ነው፣ ሁለት ቦታ ላከው። ማላኪ ምንም አላለኝም። መብራት አጠፋ፣ ተኛ። ጠዋት ስነሳ ሻንጣዬ የለም።» ቦርሳዋን መታ አድርጋ፣ «ፓስፖርቱን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነው ያደርኩት» አለች።

ስልኩ ጮኸ። ፊንታን ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ኖሪን አነሳችው፤ ድምፁም በመኪናው ሁሉ ተሰማ።

«የት ነሽ?»

«ፖርትሊሽን አልፈናል።»

«መልሻት። ኖሪን፣ ስሚኝ። ሰውየው እያለቀሰ ነበር ማለት ይቻላል። ከገና ወዲህ አእምሮዋ ልክ አይደለም ይላል። የሰው ስም ይምታታባታል፣ ምድጃ አብርታ ትረሳለች ይላል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ለፖሊስ ልደውል ነው እያለ ነው።»

የኖሪን እግር ነዳጁ ላይ ላላ። ሳታስበው ዓይኗ ወደ ስፖኪዮው ሄደ፤ ኡናም እያየቻት ነበር። ያንን አስተያየት ሁለቱም አወቁት። በቤት ጫማ፣ ያለ ሻንጣ፣ ዝናብ ላይ የወጣች ሴት። ማነው የሷን ቃል ከማላኪ ሄፈርናን ቃል የሚያስበልጥ? ኖሪን በሕይወቷ ስለ ምንም ነገር እንደዚህ እርግጠኛ ሆና፣ ወዲያውም እንደዚህ ተጠራጥራ አታውቅም። ከፊት ለፊት የመውጫው ምልክት እየቀረበ ነው። ጠቋሚ መብራቱን ልታበራ ጣቷን ዘረጋች፤ አላበራችውም።

ኡና ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ፊንታን፣ ኡና ነኝ» አለች።

«ደህና ዋልሽ፣ ኡና» አለ።

«ኮልም ከቤት በወጣ ዕለት አየር ማረፊያ ያደረስከው አንተ ነህ። ሂሳብ አልቀበልም አልከው። ሳንድዊች ገዝተህለት እስኪገባ ድረስ አብረኸው ቆምክ። ይህን እኔ ለማላኪ አልነገርኩም፤ አንተም ለማንም እንዳልነገርክ አውቃለሁ። እንግዲህ ስም የምታምታታ ሴት ከሆንኩ ንገረኝ።»

ኖሪን ይህን አልሰማችም ነበር። የእያንዳንዱን ጉዞ ቀጠሮ የምትይዘው እሷ ናት፤ የዚያን ቀን ግን እንዲህ ያለ ጉዞ አልተያዘም። ከፊንታን በኩል የሚሰማው የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ጫጫታ ብቻ ነበር፤ የሆነ ሰው ጋሪ ይገፋል፣ የሆነ በር ይዘጋል። መውጫው በግራቸው አለፈ።

«ኖሪን» አለ።

«አቤት።»

«ቀለበት መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጧል፤ ተዘጋግቷል። እንዳትገቢበት። በሉካን በኩል ዙሪ።» አለ። «ደግሞ እዚያው ከሆንሽ፣ የፋብሪካው ጀርመን እንግዶች አውሮፕላን በዘጠኝ ሰዓት ያርፋል። ሦስት ናቸው። እኔ አልደርስም፤ ይዘሻቸው ነይ።» ከዚያ ደህና ዋሉ ሳይል ዘጋው።

ኡና ወደ ኋላ ተደገፈች። ከዚያ ወዲያ እስከ ሉካን ድረስ ያወራችው እሷ ናት፤ ግድቡ እንደተከፈተ ውኃ። የኮልም ልጅ፣ የልጅ ልጇ፣ ሰባት ወሩ ነው፤ ስሙ አርሎ ይባላል። «ምን ዓይነት ስም እንደሆነ አላውቅም» አለች። «ዕቃ ሳጥብ በውስጤ ተለማመድኩት። አርሎ፣ አርሎ እያልኩ። ማላኪ ምን ታጉተመትሚያለሽ ሲለኝ ዳዊት እየደገምኩ ነው አልኩት።» ኖሪን ሳቀች፤ ስትስቅ ጠዋት ከበላችው ዳቦ በቀር ሆዷ ባዶ መሆኑ ታወቃት።

አየር ማረፊያው ደርሰው ኖሪን በሩን ስትከፍት የምትሸከመው ዕቃ አልነበረም። እጇ ሥራ አጥቶ ተንጠለጠለ። ኡና ይህን አይታ ክንዷን ሰጠቻት፤ ተያይዘው ገቡ። አንድ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዩሮ የተባለ የሸራ ጫማ ኖሪን ገዛችላት፤ «ለዚህ ሠላሳ አምስት?» አለች ኡና እዚያው እያደረገችው። የፍተሻው በር ጋ ሲደርሱ ኡና የቤት ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት። «ጣይው» አለቻት። ዘወር ብላ ሳታይ ገባች።

ጀርመኖቹ በሰዓታቸው አረፉ። ሁለቱ ወጣቶች ስልካቸውን እያዩ ከኋላ ተቀመጡ፤ ሦስተኛው፣ ሄር ብሩንስ የሚባል ቀይ፣ ወፍራም ሽማግሌ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከማላኪ ሥጋ የገዛ ነው፤ እንደልማዱ ከፊት ተቀምጦ ጭኑ ላይ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ሣጥን አቀፈ። መንገዱን ሁሉ ስለ ከብት ዋጋ አወራ። ኖሪን አዎ፣ አይደለም እያለች ወደ ኮረብታው ነዳች።

ማላኪ ኮትና ከራባት አድርጎ ደጁ ላይ ቆሟል። ቤቱ ሁሉ በርቷል። እንግዶቹን አንድ በአንድ ጨበጣቸው፣ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። ወደ ኖሪን አላየም። እሷ ከኋላ ሻንጣዎቹን ታወርዳለች።

«ኡናስ?» አለ ሄር ብሩንስ፣ ሣጥኑን ከፍ አድርጎ። «የምትወደውን የለውዝ ጣፋጭ፣ ማርዚፓን ይዤላታለሁ።»

«ትንሽ አሟት ተኝታለች» አለ ማላኪ። «እሰጥልሃለሁ።»

ኖሪን የመጨረሻውን ሻንጣ መሬት አስቀመጠች። ሾፌር ካላነጋገሩት አይናገርም። «ደህና ናት» አለች። «ካናዳ በራለች፣ የልጅ ልጇን ልታይ። በሰላም ነው የሄደችው፤ እኔ ነኝ ያደረስኳት።»

ሄር ብሩንስ ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። ከዚያ ፊቱ ሁሉ በራ። «የልጅ ልጅ? ማላኪ፣ አያት ሆነህ ደበቅከኝ? የዛሬውን መጠጥ ማስከፈሌ እንዳይቀር ፈርተህ ነው አይደል?» ሣጥኑን አንድ ወጣት እጅ ላይ ወርውሮ ማላኪን በሁለት እጁ አቀፈው። ወጣቶቹም እንኳን ደስ አለዎት እያሉ እጁን ጨበጡ። «ስንት ወሩ ነው?»

ማላኪ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ወደ ኖሪን ሄደ።

«ሰባት ወሩ ነው» አለች ኖሪን።

«ሰባት» አለ ማላኪ። «አዎ። አመሰግናለሁ።» ሣጥኑን ከወጣቱ ተቀበለ። እንግዶቹ ከዝናቡ ሸሽተው እየሳቁ ገቡ፤ እሱ ግን ደጁ ላይ ቀረ፣ ወርቃማውን ሣጥን ይዞ። ኖሪን ስድቡን፣ ከነገ ጀምሮ ሌላ መኪና እንደሚይዝ የሚነግራትን ቃል እየጠበቀች ቆመች።

«ስሙን ማን አሉት?» አለ።

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ደውለው ይጠይቋት» አለች።

«የምደውልበት ቁጥር የለኝም።» ይህን ያለው ቤት ውስጥ ያሉት እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጎ ነው፤ ሹራቡን ሳይሆን ኮቱን ለብሶ፣ ጠዋት በቆመበት ቦታ ላይ፣ ግን ያኔ ያልነበረው የሽማግሌ ትከሻ አለው። ኖሪን አዘነችለት፤ ማዘኗም አናደዳት። ኡና መንገድ ላይ የሰጠቻት የኮልም ቁጥር ስልኳ ውስጥ አለ። አውጥታ ልትሰጠው ትችል ነበር።

«እሷ ስትደርስ እጠይቃታለሁ» አለች። «ይሰጠው ካለች እደውልልዎታለሁ።»

ማላኪ ሄፈርናን ሌላ ነገር ሊል ያለ መሰለ፤ ከዚያ ግን፣ መኪናው ገና ነው እንደተባለ ሰው፣ ራሱን ነቅንቆ «እሺ» አለ፤ «እጠብቃለሁ።»